ሳልጠየቅ የተስማማሁበት መርፌ

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ አንሶላና ጋዋን አጥብ ነበር። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነው፤ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ሳይቀር ስብሰባ እንጠራለን። ለመርፌው ግን የጠራን የለም። አንድ ቀን ጋሼ የምንላቸው የክሊኒኩ ባለቤት፣ ነጋዴ እንጂ ሐኪም አልነበሩም፣ ወረቀት ይዘው መጡና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አሉኝ።

ሦስቱ የጽዳት ሴቶች አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ጨርሰዋል። እኔ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ነኝ፤ ሳላነብ አልፈርምም። የጉበት ቫይረስ ምርመራና ክትባት ይላል። ከታች «ተስማምቻለሁ» እና «አልተስማማሁም» የሚሉ ሳጥኖች አሉ። «ተስማምቻለሁ» ላይ ራይት ተደርጓል።

«ጋሼ፣ ይሄን ራይት ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ! እንዲቀልላችሁ ብዬ።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

እውነቱን ልናገር፣ ያንጨረጨረኝ ራይቱ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼም ነበር። ይህን የጉበት በሽታ የእኛ አገር ሰው የወፍ በሽታ ይለዋል፤ ወፍ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል። ታናሽ እህቴ ጅዳ ልትሄድ ስትመረመር ተገኝቶባት ቀርታለች። በአንድ አልጋ ነው ያደግነው። በዚያ ላይ አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቶኛል። እኔስ ካለብኝ?

ነርሷ ጩኸታችንን ሰምታ መጣች። ፍርሃቴን ነገርኳት።

«አብሽሪ። መጀመሪያ ደምሽ ይታያል። ካለብሽ ክትባቱ አይጠቅምሽም፤ መርፌው ግን አይገድልሽም። ለመሆኑ የእህትሽን ደም በምን ቀዱት? በማንኪያ?»

እውነቷን ነው። እህቴ በመርፌ ተወግታ ይኸው አለች፤ ጠዋት እንኳ በነጠላ ተጣልተን ነው የወጣሁት።

ቢሆንም «ያልተነካ ወረቀት ስጡኝ» አልኩ። ጋሼ ሊቆጡ ሲሉ ነርሷ ቀደመቻቸው። «ልክ ናት። ሳይስማሙ አንዳቸውንም አልወጋም፤ እምቢ ያለችም አትባረርም።» ያለ እሷ ክሊኒኩ አንድ ቀን አይከፈትም፤ ጋሼ አዲስ ወረቀት አመጡልኝ።

በራሴ እጅ «ተስማምቻለሁ» ላይ ራይት አደረግሁ። ደሜ ታየ፤ ነፃ ነኝ! ወላሂ፣ በደስታ እሪ ብዬ አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ክትባት እዚያው ተወጋሁ። ከዚያ ለሴቶቹ አዲስ ወረቀት አነበብኩላቸው። ሁለቱ እሺ አሉ። አንዷ አልፈልግም አለች፤ እሷም «አልተስማማሁም» ላይ አውራ ጣቷን ኮራ ብላ አሳረፈች።

«ጋሼስ?» አልኩ።

ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። «እኔማ... ልጅ ሆኜ ወፍ ይዞኝ ነበር» አሉ ዝግ ብለው።

ኧረ ጉድ! ለእኛ ሁሉ ራይት ያደረጉት ሰውዬ ከእኔ ብሰው ፈሪ ኖረዋል! ልስቅ ነበር፤ የራሴ ፍርሃት ግን ትዝ አለኝ። ባዶ ወረቀት ሰጠኋቸው።

«ማንም አያስገድድዎትም ጋሼ። ራስዎ ይምረጡ።»

እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። «ተስማምቻለሁ» ላይ ራይታቸውን አደረጉና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «በይ አጠገቤ ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩላቸው።