የአምባሳደሩ የስንብት ደብዳቤ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤተ መጻሕፍት ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሽማግሌዎችን በነጻ አስጠናለሁ። በሥራ ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ ነው የምነዳው። ስለዚህ ጡረታ የወጡ አምባሳደር ከነሙሉ ልብሳቸውና ከነከረባታቸው መጥተው ፊት ለፊቴ ሲቀመጡ፣ እኔ ምናቸውን ነው የማስተምረው ብዬ ደነገጥኩ።

ያመጣቻቸው አብረዋት የሚኖሩት ትልቋ ልጃቸው ናት። «አባዬ እንግሊዝኛው ፕሮብሌም የለበትም፤ ግን ቀጥ ያለ መልስ አይመልስም» አለችኝ ወደ ጎን ወስዳኝ። «ሶ፣ አንቺ ፕራክቲስ አስደርጊው። ስድስት ሰዓት ላይ ፒክ አደርገዋለሁ።» የሚያስቸኩላትንም ነገረችኝ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ታናሽ እህቷ፣ እናታቸው ካረፉ ወዲህ አዲስ አበባ ከሠራተኛ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። እህት ለእህት ብታመለክት ዕድሜ ይፈጃል፤ አባት ዜጋ ከሆኑ ግን መንገዱ በጣም ያጥራል።

ልጅቷ እውነቷን ነበር። «ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ?» ስላቸው «በመርህ ደረጃ መልካም ሰነድ ነው» ይሉኛል።

«ክቡር አምባሳደር፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይበሉ እንጂ!»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሁለቱንም ላለማለት ነው ደሞዝ ሲከፈለኝ የኖርኩት» ብለው ሳቁ።

በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያሉ ኑሯቸውን አጫወቱኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መዝገብ ቤት ፋይል አቅራቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ መንግሥት ሲለዋወጥ እሳቸው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወጥተው ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ቀን፣ ግማሹ ያልቆመ ድልድይ «ተጠናቋል» የሚል ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ መጣ። አልፈርምም አሉ። ወር ሳይሞላ አምባሳደር ሆነው መሾማቸውን እንደ ማንኛውም ሰው በሬዲዮ ሰሙ። «ቤቴ በእንግዳ ሞላ። እንኳን ደስ ያለህ ሲባል ተዋለ» አሉኝ። «መገፋቴን የገባት ባለቤቴ ብቻ ነበረች።»

ፈተናው ሲቃረብ መሐላውን ልናነብ ተቀመጥን። ለማንኛውም የውጭ መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ፈጽሜ እተዋለሁ የሚለው ጋ ሲደርሱ እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

«ይኼ ዝም ተብሎ የሚባል አይደለም።»

«ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ነው የሚለው» አልኩ ትዕግሥቴ አልቆ። «እኔም ዝም ብዬ ነው ያልኩት።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። ድልድዩ ትዝ አለኝና አፈርኩ። መጽሐፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ልጃቸው ኮል አድርጋ «ክፍሉን ዘግቶ ይጽፋል፤ ምን እንደሆነ አይነግረኝም። ባይምልስ? እህቴ ምን ትሁን?» እያለች አለቀሰች። ይሄ ሁሉ ግትርነት ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ እኔም ተናደድኩባቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከረባታቸውን አስረው መጡ፤ ፖስታ አውጥተውም ሰጡኝ። ለቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። «ጉዳዩ፦ ከአገልግሎት ስለ መሰናበት» ይላል። ከመዝገብ ቤት ጀምሮ የሠሩበት ቦታ ሁሉ በተራ ተዘርዝሯል፤ በእጃቸው የቀረ የመንግሥት ንብረት አለመኖሩም ተገልጿል። መጨረሻው ላይ «በወጣትነቴ የገባሁትን ቃል እስከ ዛሬ ጠብቄ፣ ዛሬ በገዛ ፈቃዴ አስረክቤአለሁ» ብለው ፈርመዋል።

«ጡረታ ከወጡ እኮ ስንት ዘመን ሆነዎት» አልኳቸው።

«ጡረታ ያወጡኝ እነሱ ናቸው። እኔ ተሰናብቼ አላውቅም። ሳልሰናበት ትቻለሁ ብዬ ብምል ውሸት ይሆናል።» ዋናውን በፖስታ ቤት ልከውታል።

«እዚያ ማን ያነበዋል?»

«መዝገብ ቤት ያለ ሰው። ቁጥር ይሰጠውና ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው።»

 እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ደብዳቤውን ደግሜ ሳየው ከግርጌው «ግልባጭ፦» ተብሎ ባዶ ቀርቷል።

«ለታናሿ ልጅዎ አይገለበጥም?»

«የለም» አሉ፤ ከእሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ቀጥ ያለ መልስ ነው። «ስትመጣ ለእሷ ብዬ ምን እንደተውኩ ሳታስብ ደስ ብሏት ትምጣ። ቤት ባስቀምጠው ትልቋ ታገኘዋለች፤ ቀሪው ቅጂ አንቺ ጋ ይሁን።»

ፈተናውን አለፉ። የመሐላው ቀን ቀኝ እጃቸውን አንስተው እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርገው አሉት። አጠገቤ ትልቋ ልጅ በስልኳ ለእህቷ በቀጥታ ታሳያት ነበር። ሲጨርሱ ከስልኩ ውስጥ እልልታ ፈነዳ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አምባሳደሩም ዞሩና፣ ያንኑ ያነሱትን እጅ ለልጃቸው አውለበለቡላት። እኔ ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ነው።