ጥዱ ሳይደርቅ

የልጅ ልጆቼ፣ በዓሉ ስላለፈ ለገና ያስገባነውን ጥድ ካልጣልን ይሉኛል። ሽታው ልጅነቴን አምጥቶብኝ እንዴት ይጣል!

በጣልያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ነበርን፤ አባቴ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል። ጣልያኖቹ ገናቸውን ከኛ ቀድመው አክብረው ጥዳቸውን ደጅ ሲጥሉት፣ አያቴ ጎትታ አምጥታ የጠላ ጋኗ ውስጥ አቆመችው። ያን ሰሞን ጠላ ቀረ!

"አባዬ መቼ ይመጣል?" አልኳት።

"ለገና፤ ጥዱ ሳይደርቅ።"

እኔ ቂሏ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ! ገናችን መጥቶ አለፈ፤ ጥዱ እንደለመለመ ነው፣ አባዬ ግን የለም። አንድ ቀን ደረቁን አውጥታ ሌላ ለምለም ጥድ ስትተካ ደረስኩባት።

"እምዬ፣ አታላይ! በዓሉ እኮ አለፈ!"

"ዝም በይ፣ ምላሳም! ገና ነው" አለችኝና ውሃ አስጨመረችኝ።

ይኸው ልጆቹ "ይጣል?" ሲሉኝ፣ "ገና ነው" እላለሁ፤ ውሃም እጨምርለታለሁ።