ባቄላ የምታህል ማይክ

የእህቴ ልጅ ዕቃዎች ያለ ሽቦ፣ በቅርብ ርቀት እንዲነጋገሩ የሚያደርግ መሐንዲስ ነው። ሚስት ልንጠይቅለት ማንኩሳ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ ተናጋሪው እኔ አጎቱ ነኝ። የልጅቱ አባት «ሥራው ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣ የሠራትን ባቄላ የምታህል ማይክ ጋቢያቸው ላይ ሰካሁላቸው። ሲያስነጥሱ፣ ጭኔ ላይ ካለው ስፒከር የወጣው ድምፅ ቡሬ ድረስ በቅሎ አስበረገገ።

«ጎበዝ ነው» አሉና ማይኳን እንደሰኩ ከዘመድ ሊማከሩ ጓሮ ወጡ። ወሬያቸው ግን ጭኔ ላይ ይሰማል።

«ልጁስ ይሁን፤ እሷም ወዳዋለች። ግን ያ ቀላማጅ አጎቱ በየበዓሉ እየመጣ ሊለፈልፍብኝ ነው። እሱን ከምዛመድ ልጄ ቆማ ትቅር።»

ሽማግሎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባትየው ገና ከመግባታቸው ብድግ አልሁ።

«አባቴ፣ እኔ እንኳ ዘመዱ አይደለሁም፤ ይህን ስፒከር ልሸከም ተቀጥሬ ነው የመጣሁ።»