ባንቻየሁና የሚካኤል ጽዋ

በደባርቅ ካሉት በቅሎ ጫኞች መካከል ባንቻየሁ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት «በቅሎዋን ሽጪና አርፈሽ ተቀመጪ» ያሏትን ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አርባው እንደወጣ ገመዱን ጨብጣ የቱሪስት ጓዝ በስሜን ተራሮች ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ ሰፈር አደረሰች። ወንዶቹ ሳቁባት። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ያርጋል ነበር። «ዛሬስ የተጫነችው ማናት፣ በቅሎዋ ወይስ እሷ?» እያለ መንገደኛውን ያስቃል። እሷም መልስ አታጣም፤ «አንተን ከምጭን ድንጋይ ብጭን ይሻለኛል፤ ድንጋይ አያወራም» ትለዋለች። እንዲህ እየተነካከሱ አሥራ አራት ዓመት አብረው ሠሩ፤ የጫኞቹን የሚካኤል ማኅበርም አብረው ጠጡ።

ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስት ሲጠፋ ያርጋል አረቄ ጀመረ። መጀመሪያ ለብርድ ነው ይል ነበር፤ በኋላ ብርድ መጠበቁንም ተወው።

ጥቅምት 12 ቀን፣ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩን የሚያወጣው ተረኛ እሱ ሆነ። ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ፣ በነጠላ ሸፍኖ፣ በዝማሬ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ያርጋል ግን አረቄ ጠጥቶ ነበር። ማኅበሩ ከተጠጣበት ቤት በር ሃያ እርምጃ ሳይርቅ ቦዩ አደናቀፈውና ከአባቶቻቸው የወረሱት የሸክላ ጽዋ ድንጋይ ላይ ተፈረካከሰ። ዝማሬው ቀጥ አለ። ተንበርክኮ ስባሪውን ሲለቅም ማንም አላገዘውም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። የማኅበሩ መሪ አንዱዓለም ነገር አላስረዘመም።

«ስሙ ይፋቅ!» አለ።

ከማኅበር የተፋቀ ሰው ደስታውን የሚካፈለው፣ ሐዘኑን የሚቀመጥለት የለም። በቁሙ ሞተ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ባንቻየሁ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ የተሳቀባት ሁሉ ትዝ አላት። ቀና ስትል ግን ያርጋል ስባሪውን ቋጥሮ፣ ጫማውን አውልቆ ከጽዱ ሥር ቆሟል። በራሷ አፈረች። ስታፍር ደግሞ ትቆጣለች።

«አይፋቅም!»

«እትዬ ባንቻየሁ፣ የሰበረው እኮ የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ ነው» አለ አንዱዓለም።

«ጽዋውስ ሸክላ ነው፤ ገበያ ወጥተን ሌላ እንገዛለን። ሌላ ያርጋል ከየት ገበያ ልትገዛልኝ ነው? ደግሞስ እዚህ ካለነው በጾም ጨነቅ ላይ ፈረንጅ የሰጠውን ሥጋ ያልቀመሰ ማነው? ልናገር?»

አንዱዓለም መሬት መሬት አየ።

«የለም፣ አልናገርም። የኔንም አትናገሩብኝ። ኅዳር ሚካኤል ያርጋል ቤት ነው። እሱን የሚፍቅ መጀመሪያ እኔን ይፋቅ!»

ኅዳር 12 ከሃያ ሦስቱ ማኅበርተኛ ያርጋል ቤት የመጡት ዘጠኝ ናቸው። አንዱዓለምም መጣ፤ ሊጠጣ ሳይሆን ጉዱን ሊያይ። ዳቦው ተቆረሰ። ባንቻየሁ በአዲሱ ጽዋ ከጋኑ ቀድታ ስታቀርብ አንዱዓለም ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ውኃ ነው!»

«አዎ፣ ውኃ ነው። ያርጋል ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ጠላ ብንሞላበት እሱ አይጠጣም። ወንድማችን የማይጠጣው ጽዋ ምኑን የማኅበር ጽዋ ሆነ?»

«በውኃ ማኅበር ተሰምቶ ያውቃል? አባ፣ እርስዎ ይፍረዱን እንጂ!» አለ አንዱዓለም፣ ወደ ማኅበሩ ካህን ወደ አባ ተክለ ማርያም ዞሮ።

ባንቻየሁ ቀደመችው። «አባ፣ ጌታ ቃና ላይ ጋኖቹን ምን ሙሉ ነበር ያላቸው?»

አባ ፈገግ አሉ። «ውኃ» አሉና ጽዋውን ባረኩት።

ያርጋል በሁለት እጁ ተቀበለ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ውኃው መሬት ላይ ይፈስ ጀመር። ሁሉም አዩ። ባንቻየሁ መዳፏን ከመዳፉ ሥር አስገብታ ደገፈችለት። ጠጣና አለቀሰ፤ እንባውን ሊደብቅ አልሞከረም።

ከዚያ ጽዋውን ሞልታ አንዱዓለም ፊት ቆመች። እሱ ጽዋውን አየ፣ እሷን አየ፣ አልተንቀሳቀሰም። እሷም ንቅንቅ አላለችም።

«ተቀበል» አለችው። «እጅህ ቢንቀጠቀጥ ላንተም አለሁ።»

አንዱዓለም ሁለት እጁን ዘረጋ።