የዘበኛው መስታወት

በስተእርጅና መስታወት የሚያዘወትር ሰው ከንቱ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ አሉ፤ ካፖርታቸው የነተበ፣ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ የተወለወለ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ትንሽ መስታወት አውጥተው በካፖርታቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

«አባት፣ ሙሽራዋ ደረሰች እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እሳቸውም አፍረው መስታወቱን ኪሳቸው ከተቱት፤ ዳግመኛ አላየሁትም።

ትናንት ግራ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘኋቸው።

«ስኳር አለብኝ ልጄ፤ ውስጥ እግሬ ቢቆስል አይሰማኝም። ቤቴ ጨለማ ስለሆነ እዚህ ነበር በመስታወት የማየው። ሰው ሲስቅብኝ ተውኩት። ፊቴንማ ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

«እግዜር ይማርዎ» ብዬ አለፍኩ። የሚገባቸው ይቅርታ ነበር።