ከዝርዝሩ የሰረዝሁት ኮምፒውተር

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ስሠራ፣ በየወረዳው ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚገኙ ኮምፒውተሮች ከቫይረስ የሚጠብቃቸውን አፕዴት የሚያገኙት እኛ ክፍል ካለው ሰርቨር ነበር። የትኛው ኮምፒውተር አፕዴቱን ወሰደ፣ የትኛው ቀረ፣ የትኛው ወደ እኛ መረጃ ከላከ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለውን አንድ ሶፍትዌር ከሰርቨሩም ከየኮምፒውተሩም እየሰበሰበ ያቀርብልኛል። ሰኞ ሰኞ ያንን ዝርዝር አትሜ ለኃላፊው እሰጣለሁ። አፕዴት ያልወሰደው ከበዛ ኃላፊው ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ደግሞ ወቀሳ አልወድም።

ስለዚህ ዝርዝሩን አጸዳ ነበር። መረጃ ከላከ ዓመት ያለፈውን ተበላሽቶ ተጥሏል ብዬ እሰርዘዋለሁ፤ አሠራሩም ይፈቅዳል። ከእነዚህ መካከል ከጉና ተራራ ሥር ያለ ጤና ጣቢያ የሚሠራበት አንድ ኮምፒውተር ነበር። መጨረሻ የላከው ከሰባት ዓመት በፊት ነው ይላል። ሰረዝሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝርዝሩ ላይ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ሰባት ዓመት። «ይሄ ደግሞ አይሞትም እንዴ?» ብዬ ስቄ ደግሜ ሰረዝሁት። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግሁ አላስታውስም። ከሰባት ዓመት በፊት እዚያ ጤና ጣቢያ መብራት እንኳ እንዳልገባ አውቅ ነበር፤ ግን ቆም ብዬ አላሰብሁበትም።

ለካ ኮምፒውተሩ ደህና ይሠራ ነበር። የሚሠሩበት የጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ለጡረታ ወራት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። በእጃቸው የጻፉትን የእናቶችና የሕፃናት መዝገብ እርጥበት ሲበላባቸው፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የልደት ወረቀት ሲያትሙ ዓመቱ የፈረንጅ እየሆነ ቢያስቸግራቸው የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት። ገበሬው በማያውቀው ዓመት ለልጁ ወረቀት መስጠት አልሆንላቸው አለ። በአገራችን ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም ቤቴ አድርጌው አውቃለሁ። ኮምፒውተራቸው ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር መረጃውን ሳያጓድል ልኮልኛል፤ የላከበት ቀን ብቻ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነበር። እኔ በሰረዝሁት ቁጥር ደግሞ አፕዴት ከሚደርሳቸው ይወጣል።

ከዚያ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ገባና መዝገቡን ሁሉ ቆለፈው። ሽማግሌው ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እስከ ገሳይ ከተማ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ በመኪና ይዘውት መጡ። «ይወጣል፣ ልጄ?» አሉኝ። እንሞክራለን አልኋቸው። ጥቂቱ ወጣ፤ ብዙው ቀረ። ቀኑን ያየሁት ያኔ ነው፤ ስሰርዘው የኖርሁት ያ ኮምፒውተር ነበር።

ኃላፊው የባለሙያ አስተያየት እንድጽፍ አዘዘኝ። ተጠቃሚው የኮምፒውተሩን ቀን ለውጠዋል፣ ያልተመረመረ ፍላሽም ሰክተዋል ብዬ ጻፍሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለ መሰረዙ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በእኔ ወረቀት የተነሣ ለሽማግሌው በቸልተኝነት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈና ማህደራቸው ውስጥ ገባ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጥንቃቄያቸው የሚታወቁ ሰው ሊወጡ ሲሉ ቸልተኛ ተባሉ። የተረፈውን ጥቂት መዝገብ ሳስረክባቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ፤ ደከምኽልኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስደኝ፣ ሥራም አልሄድልኝ አለ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ወደሳቸው ሄድሁ። ከገሳይ በኋላ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ሽማግሌው የክትባት ካርድ ይዘው የመጡ እናቶችን አሰልፈው፣ አንድ በአንድ እየጠየቁ የጠፋውን በአዲስ መዝገብ ይጽፋሉ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ኮምፒውተራቸው ይልክልኝ እንደነበር፣ እያየሁ እንደሰረዝሁት፣ ለኃላፊው ስጽፍም ይህን እንደደበቅሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አዲሱን መዝገብ ከደኑት።

«ሰዉ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አሉ። «ሊወጣ ሲል ተዘናጋ አሉኝ። እኔም እውነት መስሎኝ፣ ለካ ጃጅቻለሁ ብዬ ራሴን ታዝቤው ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አልሁ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ለኔ ነገርኸኝ፤ ለነዚያ ቸልተኛ ላሉኝስ ማን ይነግራቸዋል?»

ከመሳቢያቸው ነጭ ወረቀት አውጥተው ከፊቴ አኖሩ፤ እስክርቢቶም ሰጡኝ። ኮምፒውተሩን ከዝርዝሩ የሰረዝሁት እኔ ነኝ ብዬ ጀመርሁ። ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ስጨርስ ወሰዱና መስኮቱ ሥር ሄደው በዝግታ አነበቡት። ይይዙታል፣ ራሳቸው ይልኩታል ብዬ ስጠብቅ አጥፈው መለሱልኝ።

«አንተው አድርሰው» አሉኝ።

ለኃላፊው አደረስሁት። መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያውን ከማህደራቸው ሲያወጣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወራት ሆኗቸው ነበር።