ቀይ መብራት ያለው ማማ

የልጅ ልጆቼ ስለ ዋንዛው ንገሪን ይሉኛል፤ ያውም ጉቶው ላይ ተቀምጠው። አንቺ ዝንብ እሽ የማትዪ ሴት ያኔ አባባን እንዴት አኮረፍሽው አሉ። እሺ፣ ልናገር። ግን ከተናገርኩ ቁጣዬም አብሮኝ ይነሳል፤ እስከ ዛሬ አልበረደም።

አባታቸው፣ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ኮንጋ መምህር ነበር። ዲግሪውን በርቀት ልማር ብሎ ተመዘገበ፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው የሚላከው ተባለ። እኛ ቤት ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው እንሰቱ መሃል ቆመው እጅ ወደ ላይ ሲዘረጉ ነው። ስለዚህ አንቴና ሊገዛ ዲላ ወረደ። እኔም መንገድ ስለምወድ ተከተልኩት።

ነጋዴው ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንዱ አጭር ዱላ ይመስላል፤ ከዙሪያው ሁሉ ይቀበላል አለ። ሌላው የዓሣ አጥንት ይመስላል፤ ከሩቅ ይስባል፣ ግን ፊቱ ወደ ስልኩ ማማ፣ ወደ ታወሩ መዞር አለበት፣ መሃል ላይም የሚጋርደው ነገር መኖር የለበትም አለ። ልጄ አጥንቱን መረጠ። ለመምህር አንድ ዱላ ይበቃዋል ብሎ ቀለደ።

ታወሩን ማን አያውቀውም? በወናጎ በኩል ኮረብታው ላይ ነው፤ ሲመሽ ቀይ መብራቱ ይታያል። ሰፈሩ ሁሉ ስልክ ሲደውል ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፣ ጸሎት ላይ የቆመ ይመስል። ከኛ ደጅና ከመብራቱ መሃል ግን ዋንዛው ቆሟል።

የተከለው ባሌ ነው፣ እኔን ባገባበት ዓመት። እሱ ሞተ፣ ዋንዛው ቀረልኝ። ቀፎ ይሸከማል፤ ከሥሩ ያለው ቡና የሚኖረው በሱ ጥላ ነው። እኛ አገር ዛፉ ለቡና፣ ቡናው ለሰው መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ለልጄ መላ ሰጠሁት፤ ዛፉን ተወውና አንቴናውን እንደ ቀፎ ጫፉ ላይ አሰቅለው አልኩት። ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ማር አይደለም።»

«ማሩን ስትልስ ዛፉን አልጠላኸውም ነበር።»

ለለቅሶ ኢዲዶ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ሄጄ ስመለስ፣ ከደጃችን በላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ጠበቀኝ። ዋንዛው ተጋድሟል። ንቦቹ ባዶው ላይ ይዞራሉ። አልጮህኩም። ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ውሃ ሳልቀምስ፣ «አባትህን ዳግም ቀበርከው» አልኩትና ወደ መጣሁበት ዞርኩ። ኢዲዶ ከረምኩ። ሽማግሌ ልኮ ነው የመለሰኝ።

ኢንተርኔቱስ? መጣ ሲሉት ይሄዳል። የአንቴናውን እንጨት አስረዘመ። ቀጥሎ የእንሰቴን ቅጠል መጋረጃ ነው ብሎ ከረከመው። ጥላ ያጣው ቡናዬ በፀሐይ ቢጫ ሆነ። እሱ ግን ተሻሽሏል ይላል! የቆረጠ ሰው ሌላ ምን ይበል? መጨረሻ ላይ ዲላ እየተመላለሰ ነው የተማረው።

ከዓመታት በኋላ ለሰርግ ወደ ወናጎ ስሄድ ያንን ኮረብታ በእግሬ ወጣሁት። ከማማው ሥር ጥበቃ ተቀምጧል። የናንተ ስልክ ዛፌን በላው አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«የምን ስልክ፣ እናቴ? ይሄ የሬዲዮ ነው። የስልኩ በይርጋጨፌ በኩል ነው ያለው።»

ይርጋጨፌ በጓሯችን በኩል ነው። ጉብታ ስለሚከልለው የስልኩ ታወር ከኛ አይታይም። በዚያ በኩል ያለን ሣር ብቻ ነው፤ አንድም ዛፍ ኖሮን አያውቅም።